ጃንደረባው በመዳብ ላይ

 

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንዲት ወረቀት ነው። ቁመቷ 18፣ ወርዷ 21 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በ1641፣ በሆላንድ አገር፣ በአምስተርዳም ከተማ ታተመች። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ፣ ካልተናገርኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ። የሠራት ሬምብራንት የተባለው ሠዓሊ ነው። ዘመኑ የአውሮፓ የሥነ ጥበብ ታሪክ ባሮክ ብሎ የሚጠራው፣ ብርሃንና ጨለማ በሥዕል ላይ የሚታገሉበት ዘመን ነው። ወረቀቷ የአምስተርዳም ትሁን እንጂ መሐሏ ላይ ተንበርክኮ የምናየው ሰው የኛ ሰው ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ታሪኩ የተጻፈለት ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ነው።

ታሪኩን አብዛኞቻችሁ ከልጅነታችሁ ጀምሮ ሰምታችኋል። የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬ ሹም፣ በገንዘቧ ሁሉ ላይ የሠለጠነ፣ በኛ የቤተ መንግሥት ማዕርግ በጅሮንድ ልንለው የምንችል ሰው ነው። ሊሰግድ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ ሲመለስ፣ በጋዛ መንገድ ላይ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነባል። ፊልጶስ ቀርቦ ያነበበውን ይተረጉምለታል። ውኃ ወዳለበት ሲደርሱ ጃንደረባው ራሱ መጠመቅን ይጠይቃል፤ ይጠመቃል፤ ደስ ብሎትም መንገዱን ይቀጥላል። የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ስሙን ባኮስ ይለዋል፤ የክርስትናን ወሬ መጀመሪያ ወደ አገራችን ያመጣው እሱ ነው ብሎም ያስተምራል። የታሪክ ሊቃውንት ደግሞ ህንደኬ የሚለው ስም ዛሬ ሱዳን ውስጥ ያለችው የመርዌ ንግሥታት የማዕርግ ስም እንደነበረ፣ የጥንት ግሪኮችም ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን አገር በጅምላ ኢትዮጵያ ይሉት እንደነበር ያስረዳሉ። ሁለቱንም አውቆ መያዝ ይቻላል። በአክሱም ክርስትና የመንግሥት ሃይማኖት የሆነው በ4ኛው መቶ ዓመት፣ በንጉሥ ኢዛና ዘመን፣ በአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን እጅ እንደሆነ ግን ሁሉም ይስማማበታል።

ሬምብራንት ይህን ታሪክ አንድ ጊዜ ሠርቶ አልተወውም። በ1606 ላይደን ከተማ የተወለደው ይህ ሰው ገና በ20 ዓመቱ፣ በ1626፣ በቀለም ሣለው፤ ያ ሥዕል ዛሬ ዩትሬክት ከተማ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። በዚያ ሥዕል ላይ ጃንደረባው ጥቁር ሰው ሆኖ፣ የከበረ ልብስ ለብሶ ተንበርክኳል። አንዱ አገልጋይ መጽሐፉን እንደተገለጠ ይዞ ቆሟል፤ ወደ ታች ደግሞ ውሻ ውኃ ይጠጣል። ከእሱ በፊት ለዚህ ታሪክ ትኩረት የሰጠው የሬምብራንት አስተማሪ ፒተር ላስትማን ነበር፤ እሱም ይህንኑ ታሪክ ደጋግሞ ሥሎታል። ቆይቶ፣ በ1631፣ ያን ፋን ፍሊት የተባለ የኅትመት ባለሙያ ሌላ የሬምብራንት ጃንደረባ በመዳብ ላይ ቀርጾ አሳተመ። ከዚያ በኋላ ነው ሬምብራንት በገዛ እጁ የ1641ዱን የሠራው።

አሁን ቀረብ ብለን እንያት። የወጣትነቱ ሥዕል ወደ ላይ የቆመ፣ ሰውና ፈረስ የተጨናነቀበት ነበር። ይህችኛዋ ወደ ጎን የተንጣለለች ናት፤ አየር አላት። ጃንደረባው ከውኃው ዳር ተንበርክኳል። ፊልጶስ አጠገቡ ቆሟል። በፈረስ ላይ ያለ አጃቢ ዝም ብሎ ይመለከታል፤ ሠረገላው ከኋላ ይጠብቃል፤ ከዚያ ወዲያ ኮረብታማው አገር ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ባዶው ቦታ ነው። ሬምብራንት የወረቀቱን ሰፊ ክፍል ሳይነካው ትቶታል። ብርሃኑ ከዚያ ካልተነካው ነጭ ይመጣል። የመንግሥት ግምጃ ቤት በእጁ ያለ ሰው ሠረገላውን አቁሞ፣ ጭፍራውን አስጠብቆ፣ መሬት ላይ በጉልበቱ ሲሆን የሚያሳይ ሥዕል ብዙ ጌጥ አያስፈልገውም። ይህን ሬምብራንት በ20 ዓመቱ አላወቀውም ነበር፤ በ35 ዓመቱ ግን ገብቶታል።

እንዲህ ያለ ሥዕል እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ፤ አሠራሩን ሳያውቁ ዋጋውን መረዳት ያስቸግራል። ባለሙያዎቹ ኤቺንግ ይሉታል። መጀመሪያ የመዳብ ሰሌዳ እንደ መስተዋት እስኪያበራ ይወለወላል። በላዩ ላይ ከሰምና ከሙጫ የተቀመመ ስስ ልባስ ይቀባል፤ በጢስም ይጠቁራል። ሠዓሊው በሹል መርፌ ልባሱን እየፋቀ ይሥላል። መዳቡን አይቆፍርም፤ ሰሙን ብቻ ነው የሚገልጠው። ስለዚህ እጁ ብራና በወስፌ እንደሚያሰምር ጸሐፊ አይታገልም፤ እንደልቡ ይሄዳል። ቀጥሎ ሰሌዳው አሲድ ውስጥ ይገባል። ሰሙ ያለበትን አሲዱ አይነካውም፤ የተገለጠውን መስመር ግን ይበላዋል። ጥቂት የቆየው መስመር ቀጭን፣ ብዙ የቆየው ወፍራምና ጥልቅ ይሆናል። ሰሙ ታጥቦ ከወጣ በኋላ ቀለም በሰሌዳው ላይ ይታሻል፤ ፊቱ ይጠረጋል፤ ቀለሙ በተበላው መስመር ውስጥ ብቻ ይቀራል። እርጥብ ወረቀት ተደርቦበት በሁለት ከባድ ሲሊንደሮች መካከል ሲያልፍ ወረቀቱ ቀለሙን ከየጉድጓዱ ስቦ ያወጣዋል። የታተመው ሥዕል በሰሌዳው ላይ ካለው ግራ ቀኙ የተገለበጠ ነው።

የዚህ ሥራ ትልቁ ነገር አንድ ሥዕል ብዙ መሆኑ ነው። በቀለም የተሣለ ሥዕል አንድ ነው፤ የሚያየው ያ ሥዕል ያለበት ቤት የገባ ሰው ነው። ከመዳብ የታተመው ግን በመቶ የሚቆጠር ቅጂ ይወጣዋል፤ ዋጋው ይቀንሳል፤ በመጽሐፍ መሐል ተጣጥፎ ባሕር ይሻገራል። ሬምብራንት በሕይወቱ ወደ 300 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ሥዕሎችን ሠርቷል። ክርስቶስ ሕሙማንን ሲፈውስና ሕፃናትን ሲቀበል የሚያሳየው፣ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ላይ የተመሠረተው ሥራው፣ ለአንድ ቅጂ 100 ጊልደር ተከፍሎበታል ከሚባለው ወሬ የተነሣ እስከ ዛሬ ባለ መቶ ጊልደሩ እየተባለ ይጠራል። በ1653 የሠራው ሦስቱ መስቀሎች ደግሞ፣ በስቅለት ቀን የወረደውን ጨለማ በመስመር ብቻ ያሳየበት ነው። በ1656 ሬምብራንት በዕዳ ተያዘ፤ ንብረቱም ተሸጠ፤ በ1669 ሞተ። ከመዳብ ሰሌዳዎቹ መካከል ግን ወደ 80 የሚሆኑት እስከ ዛሬ አሉ።

ሬምብራንት ኢትዮጵያን አላያትም። ጃንደረባውን ያለበሰው ከምሥራቅ አገሮች አለባበስ የለቀመውን ነው። ጥቁር ሰዎችን ግን በዓይኑ አይቷል፤ በ1639 ገዝቶ በገባበት ቤት አካባቢ አፍሪካውያን ይኖሩ ነበር፤ በ1661 የሣላቸው ሁለት አፍሪካውያን ዛሬም ሄግ ከተማ ሙዚየም ውስጥ አሉ። የሚገርመው፣ በዚያው ዘመን እውነተኛ ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት አውሮፓ ውስጥ ነበሩ። ከዚያም ቀድሞ፣ ከመቶ ዓመት በፊት፣ ከደብረ ሊባኖስ የሄዱት አባ ተስፋ ጽዮን በሮም ከተማ የግዕዝ አዲስ ኪዳን በ1548 እና በ1549 አሳትመዋል። የአማራው የመካነ ሥላሴ ሰው አባ ጎርጎርዮስ ደግሞ በ1649 ሮም ላይ ከጀርመናዊው ሊቅ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ፤ በ1652 ጎታ ወደሚገኘው ቤተ መንግሥት ተጋብዘው ሄደው አገራቸውንና ቋንቋቸውን አስተማሩ። በ1658 ወደ ምሥራቅ ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥሞ ሞቱ። ሉዶልፍ ከእሳቸው የተማረውን በ1681 የኢትዮጵያ ታሪክ ብሎ አሳተመ፤ በ1691 ባወጣው ተከታይ መጽሐፍ የአባ ጎርጎርዮስ መልክ በኅትመት ሥዕል ወጣ። ስለዚህ ባሮክ ዘመን በአውሮፓ ወረቀት ላይ ሁለት ዓይነት ኢትዮጵያዊ ትቶልናል፤ አንዱ ከመጽሐፍ ተነሥቶ በሐሳብ የተሣለ፣ ሌላው ስሙ፣ አገሩና ትምህርቱ የሚታወቅ መነኩሴ።

እዚህ ላይ የጊንጪ አካባቢ ሰው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የጃንደረባው ታሪክ ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖና ከሌሎች ጋር በደከሙበት ትርጉም በአፋን ኦሮሞም ታትሟል። አዲስ ኪዳኑ በ1893፣ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ወጣ፤ የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነበር። ያ ጃንደረባ የሚያነበውን ታስተውለዋለህን ተብሎ የተጠየቀ ሰው ነው። ሰው በአፉ በፈታበት ቋንቋ ሲያነብ ለዚያ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ይለወጣል።

አሁን መንገዱን እናዙረው። እስካሁን ያየነው የኛ ሰው በፈረንጅ ወረቀት ላይ ነው። የፈረንጅ ወረቀት እኛ አገር ገብቶ ምን ሆነ? እኔ ከዚህ ሁሉ በላይ ልቤን የሚነካኝ ይኸኛው ነው።

በ1591 በሮም፣ የሜዲቺ ቤተሰብ ባቋቋመው ማተሚያ ቤት፣ አራቱ ወንጌላት በዓረብኛ ታተሙ። በመጽሐፉ 149 ሥዕሎች ገብተውበታል። የነደፋቸው በሕይወቱ ከ1,000 በላይ የኅትመት ሥዕሎችን የሠራው አንቶኒዮ ቴምፔስታ ነው። እነዚህ በአሲድ የተበሉ መዳቦች አይደሉም፤ ከእንጨት ሰሌዳ ላይ ተፈልፍለው የታተሙ ናቸው፤ አንዳንዱ ሰሌዳም በመጽሐፉ ውስጥ ተደጋግሞ ታትሟል። መጽሐፉ የተዘጋጀው ለምሥራቅ ክርስቲያኖች ነበርና ቅጂው ወደ ኢትዮጵያም ደረሰ። በ17ኛው መቶ ዓመት፣ ጎንደር መናገሻ በሆነችበት ዘመን፣ የኛ ሠዓልያን የቴምፔስታን የሥዕል ቅደም ተከተል በብራና ወንጌሎች ላይ አወረዱት። ከመቅደላ ተወስደው ለንደን ካሉት የብራና መጻሕፍት መካከልም ይህን መንገድ የተከተለ ወንጌል አለ።

ነገሩ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ብዙ የውጭ ጸሐፊዎች ቀዱ ብለው ያልፉታል። እስቲ አስቡት። ከፊታቸው ያለው ሥዕል ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው፤ ቀለም የለውም። ቀዩን፣ ብጫውን፣ ሰማያዊውን፣ አረንጓዴውን ሁሉ ያመጡት የጎንደር ሠዓልያን ናቸው። ቴምፔስታ ጥላ ለመሥራት የከመራቸውን ጭረቶች አወጡለት። ከኋላ ያለውን የጣልያን ሕንፃና ተራራ አንሥተው ሜዳውን በንጹሕ ቀለም ሞሉት። ዓይን አጎሉ። ጻድቁን ከፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን አደረጉት፤ ክፉውን ግን ከጎን፣ በአንድ ዓይን ሣሉት። ይህ ሥርዓት በቴምፔስታ ዘንድ የለም፤ የኛው ነው። ከሥዕሉ አጠገብም ዘከመ ብለው ጀምረው፣ ምን እንደሆነ በግዕዝ ጻፉበት። ሰውን የማቆም ብልሃቱን ወሰዱ፣ የተረፈውን በራሳቸው ትምህርት መዘኑት። ይህ ቅጅ አይደለም፤ አንድምታ ነው። የቅኔና የመጻሕፍት ቤት ሊቅ ከአንድ ገጸ ንባብ ላይ እንደሚያወጣው ትርጓሜ፣ እነሱ በቀለም ተረጎሙት።

የእመቤታችን ሥዕልም እንዲሁ ነው። ምስለ ፍቁር ወልዳ የምንላት ሥዕል ዛሬ በየደብሩ የምናውቃትን መልክ የያዘችው፣ ሮም ከሚገኘው የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጋር ተገናኝታ ነው። ያንን ሥዕል ኢየሱሳውያን መነኮሳት ከ1569 ጀምሮ እያስቀዱ በዓለም ሁሉ በተኑት። እጆቿን በልጇ ላይ ማስተላለፏ፣ መሐረብ መያዟ፣ ሁለቱን ጣቶቿን መዘርጋቷ ከዚያ ነው። ሰይፋቸውን መዘው፣ ክንፋቸውን ዘርግተው፣ ግራና ቀኝ የሚጠብቋት ሚካኤልና ገብርኤል ግን የሮም ሥዕል ላይ የሉም። እነሱን ያቆሙላት የኛ ሠዓልያን ናቸው።

ከዚህ ጋር የዘመኑን ታሪክ አስታውሱ። ኢየሱሳዊው መነኩሴ ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ወደ አገራችን ገባ፤ ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነትን ተቀበሉ፤ በዚህ ሳቢያ አገር ታመሰ፣ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ለልጃቸው ለፋሲለደስ ዙፋኑን ለቀቁ፤ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ። ያን ያህል ደም ካፈሰሰ ጠብ በኋላ ከሮም የመጣው ሥዕል ሁሉ ተሰብስቦ ይቃጠል ቢባል አይደንቅም ነበር። አባቶቻችን ግን ትምህርቱን መልሰው ሥዕሉን አስቀሩ፤ አስቀርተውም ለራሳቸው ሃይማኖት አስገዙት። እኔ በሥነ ጥበባችን ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ብስለት አላውቅም።

በዘመናችንም የኅትመት ሥዕል እጃችን ገብቷል። በ1950 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ሀንዘን ባሂያ የተባለ ጀርመናዊ በ1960ዎቹ የፈረንጆች ዓመታት የእንጨት ቅርጽ ኅትመት አስተምሯል። ከተማሪዎቹ አንዱ ዘሪሁን የትምጌታ ነው፤ የሱን ሥራ ያየ ሰው ያ የጎንደር ብልሃት እንዳልጠፋ ያውቃል። ይህን በሌላ ጊዜ በሰፊው ብናየው ደስ ይለኛል።

አሁን ወደየቤታችሁ ልምጣ። በንግሥ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ የሚሸጠውን የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል የማያውቅ አለ? ወጣት፣ ቀይ ፊት፣ ሰይፍ በአንድ እጁ፣ ሰንሰለት በሌላው፣ ሰይጣንን ረግጦ የቆመው። ያ ሥዕል በአብዛኛው የባሮክ ሠዓሊ የጊዶ ሬኒ ሥራ ነው፤ በ1630ዎቹ የተሣለ፣ ዛሬም ሮም ውስጥ በካፑቺኖች ቤተ ክርስቲያን ያለ። ሬኒ ራሱም እንደ ሬምብራንት በመዳብ ላይ ይሠራ ነበር። ባሮክ እንግዲህ እዚህ፣ ጊንጪ፣ በሳሎናችን ግድግዳ ላይ ነው።

ያንን ሥዕል የሚወድን ሰው አልነቅፍም፤ በፊቱ የተጸለየበት ሥዕል ክብር አለው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። የጎንደሩ ሠዓሊ የመጣለትን ወረቀት ተቀብሎ መዘነው፣ ለወጠው፣ የራሱ አደረገው። እኛ ግን የማሽን ኅትመቱን እንዳለ ተቀብለን፣ በየገጠሩ ያለውን አሮጌ ሥዕል አንሥተን፣ በቦታው እንሰቅለዋለን። ወይም በሸራው ላይ የደበዘዘውን የአያቶቻችን ሥዕል በሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም እንደርብበታለን። ይህን የሚያደርጉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ለቤተ ክርስቲያናቸው የሚቀኑ፣ ገንዘብ ያዋጡ ምእመናን ናቸው። የተደረበበት ሥዕል ግን ዳግም አይገኝም።

ምዕራብ ሸዋ የሥዕል አገር አይደለም የሚል ሰው ካለ አዲስ ዓለም ይሂድ። ዐፄ ምኒልክ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የአዲስ አበባ ማገዶ ሲያልቅ አዲስ መናገሻ ሊያደርጓት ያሰቧት ከተማ ናት። ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ሲያድናት ሐሳቡ ቀረ፤ የታነጸው ቤተ መንግሥትም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከኛ በአውቶቡስ የሚደረስበት ስፍራ ነው። ከዚያም በየገጠሩ፣ ስማቸው በማንም መጽሐፍ ያልተጻፈ፣ በአንድ መሪጌታ ወይም በአንድ የአጥቢያ ሰው እጅ የተሣሉ ግድግዳዎች አሉ።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህ ነው። የአጥቢያችሁ ቤተ ክርስቲያን ሊታደስ ሲታሰብ፣ ቀለሙ ከመገዛቱ በፊት፣ ከእናንተ አንዱ በእጅ ስልኩ እያንዳንዱን ሥዕል በጥሩ ብርሃን ያንሣ፤ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍም አብሮ ያንሣ። የሠዓሊውን ስም፣ ያሣለውን ሰው፣ ዓመተ ምሕረቱን ከሽማግሌዎች ጠይቃችሁ ጻፉ። አሮጌው ሥዕል ከግድግዳ መውረድ ካለበት ተጠቅልሎ በደረቅ ስፍራ፣ ከዝናብና ከአይጥ ተጠብቆ ዕቃ ቤት ይቀመጥ እንጂ አይጣል። ለሰበካ ጉባኤው ንገሩ፤ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትና ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንም አሳውቁ። አዲስ ሥዕል የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ያዋጣችሁትን ገንዘብ ለማሽን ኅትመት ከምትከፍሉት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ለተማረ የአገር ሠዓሊ ስጡት፤ የጃንደረባውን ጥምቀት ሣልልን በሉት፤ የ1641ዋንም ወረቀት አሳዩት፣ ከእሷ የሚጠቅመውን ወስዶ የማይጠቅመውን ይተው።